ሳፕልመንት በምጣድ፦ የጂም ዱቄታችሁን ጎንደር ላይ ራሳችሁ አዘጋጁ

ዳምቤላችንን የሰራነው ራሳችን ነው። ሁለት ባዶ የወተት ጣሳ፣ መሃላቸው የብረት ቱቦ፣ ውስጣቸው ሲሚንቶ። ማራኪ አካባቢ አንድ ግቢ ጓሮ ውስጥ ሦስት ሆነን ለሁለት ዓመት በዚያ ስንሰራ ማናችንም አላፈርንበትም። ፕሮቲን ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ተቀየረ። አንዱ ጓደኛችን ከአዲስ አበባ በሰው አስልኮ ጥቁር ባልዲ የሚያህል የፕሮቲን ዱቄት ዕቃ አስመጣ። ዱቄቱን እንደ ጠበል እየቆጠበ በማንኪያ ያካፍለን ነበር። ወር ሳይሞላው አለቀ። ባዶውን ዕቃ እናቱ ወስደው ሽሮ አስቀመጡበት።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሽሮውም እኮ ፕሮቲን ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሞክሬያለሁ። አንዳንዱ ጥሩ ሆነ፣ አንዳንዱን ዶሮ በላው። እዚህ የምጽፈው የሠራልኝን ነው፦ የፕሮቲን ዱቄት ለጾምና ለፍስክ፣ ከስፖርት በፊት የሚጠጣ፣ ለረጅም ሩጫ የሚሆን ውሃ፣ ኪስ ውስጥ የሚያዝ ባር። በቤት የማይሠራውንም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ክብደት የሚያነሳ ጤነኛ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ካገኘ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። 65 ኪሎ ከሆናችሁ 104 ግራም ማለት ነው። ብዙውን ከእንጀራው፣ ከወጡና ከዳቦው ታገኙታላችሁ። እኔ ለአንድ ሳምንት የበላሁትን ሁሉ ደብተር ላይ ጽፌ ስደምረው የጎደለኝ በቀን 35 ግራም ገደማ ነበር። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ስንት እንደጎደላችሁ ሳታውቁ የምትገዙት ዕቃ ገንዘብ መበተን ነው።

አሁን ዋጋ። የእህል ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ብር አልጽፍላችሁም። የሚሻለው 25 ግራም ፕሮቲን ከየትኛው ምግብ በስንት እንደሚገኝ ማወቅ ነው። 25 ግራም ፕሮቲን ማለት 125 ግራም ሽምብራ፣ ወይም 70 ግራም አኩሪ አተር፣ ወይም 100 ግራም ኦቾሎኒ ነው። ከእንስሳት ተዋጽኦ ከሆነ አራት እንቁላል፣ ወይም ሩብ ሊትር ያህል የጎደለው አንድ ሊትር ወተት፣ ወይም 170 ግራም አይብ፣ ወይም 100 ግራም የዱቄት ወተት። ስለዚህ የሽምብራውን የኪሎ ዋጋ ለ8 አካፍሉ። የአኩሪ አተሩን ለ14። የዱቄት ወተቱን ለ10። ከውጭ የሚመጣው ዌይ ፕሮቲን (ከወተት የሚወጣው የጣሳ ዱቄት) ደግሞ ከአንድ ኪሎ 30 ጊዜ ገደማ ይወጣዋል፣ ዋጋውን ለ30 አካፍሉ። ስልካችሁን አውጡና ዛሬ በሰማችሁት ዋጋ አስሉት። ከዚያ በኋላ የእኔ ምክር ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። የእህል ዱቄት ከፕሮቲኑ ጋር ብዙ ጉልበት ሰጪ ምግብም ይዞ ይመጣል። ቀጭን ሆኖ ኪሎ መጨመር ለሚፈልግ ሰው ይህ በረከት ነው። ቦርጭ ለመቀነስ የሚሠራ ሰው ግን አይብና የእንቁላል ነጩ ይሻለዋል።

ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

በቤት የማይሠራው

ክሬቲን፣ ለጡንቻ ጉልበት ተብሎ የሚወሰደው ዱቄት። ማንም ቢላችሁ በቤት አይሠራም። ሥጋ ውስጥ አለ፣ ግን በአንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለው ከ4 እስከ 5 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በቀን የሚወሰደው ከ3 እስከ 5 ግራም ስለሆነ በየቀኑ አንድ ኪሎ ሥጋ መብላት ሊኖርባችሁ ነው። በጥምቀት ሰሞን እንኳ ይህን ማን ያደርገዋል! ከጣሳ ዕቃ አንድ ነገር ብቻ ለመግዛት ገንዘብ ካላችሁ፣ ተራውን ክሬቲን ሞኖሃይድሬት ግዙ። በዱቄቱ ያተረፋችሁት እዚያ ይግባ።

ለመወፈር ተብሎ በየመንደሩ የሚዋጠውን ክኒን ግን አትንኩ። እሱ ሳፕልመንት አይደለም፣ መድኃኒት ነው።

እህሉን መግዛት

ቅዳሜ ገበያ ጠዋት ሂዱ። ለአምስት ኪሎ ዱቄት የምትገዙት ሁለት ኪሎ ተኩል ሽምብራ፣ አንድ ኪሎ ተኩል አኩሪ አተር እና አንድ ኪሎ የተፈተገ ገብስ ነው። ሽምብራው ከደምቢያ የመጣ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ቅርባችን ስለሆነ ብዙ አልተንከራተተም።

ሦስቱን ያቀላቀልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ገብስ የሚያንሰው የፕሮቲን ዓይነት ሽምብራና አኩሪ አተር ውስጥ ሞልቷል። ሽምብራ የሚያንሰውን ደግሞ ገብሱ ይሞላዋል። አያቶቻችን ሽሮን በእንጀራ ሲበሉ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የሚከፋው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ጓያ። ደምቢያና ፎገራ ላይ በብዛት ይዘራል። ድርቅ አይበግረው፣ የሚያቁር መሬት አይገድለው፤ ዋጋውም ከሌላው ይረክሳል። ስለዚህ ክክ ውስጥና የተፈጨ ሽሮ ውስጥ ቀላቅሎ የሚሸጥ አይጠፋም። በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ፣ እህሉን ለወራት አብዝቶ በሚበላ ሰው ላይ እግር ያሽመደምዳል። አንዴ ከያዘ በኋላ ደግሞ አይመለስም። አልፎ አልፎ በሽሮ ውስጥ ትንሽ የቀመሰ ሰው ላይ የሚደርስ አይደለም። እኛ ግን ይህን ዱቄት በየቀኑ፣ ወር ከወር ልንጠጣው ነው። ማመሱ መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል እንጂ አይጨርሰውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ክክ አትግዙ። የተፈጨም አትግዙ። ድፍን ሽምብራ ግዙና ራሳችሁ ልቀሙት። ሽምብራ ድቡልቡል ነው፣ ጫፉ ላይ እንደ ወፍ አፍ ሹል ነገር አለው። ጓያ ግን ማዕዘን ማዕዘን አለው፤ አንድ በኩል የተጠረበ፣ ትንሽ የመጥረቢያ ስለት የሚመስል፣ መልኩ አመድማ ወይም ቡራቡሬ። እጃችሁ ላይ እፍኝ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ ስታዩት ይለያል። መጀመሪያ ጊዜ ሽምብራ የገዛሁባቸውን እናት «እማማ፣ ጓያ የለበትም?» ብላቸው ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ዓይን የለህም? ልቀመው እንጂ» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ኦቾሎኒ የምትገዙ ከሆነም እንዲሁ ልቀሙ። የተጨማደደ፣ ጥቁር ወይም አረንጓዴ የመሰለ፣ ስትቀምሱት የሚመር ፍሬ ካገኛችሁ አውጡት። የሻገተ ኦቾሎኒ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ እሳትም በደንብ አያጠፋውም። «ይቆላል እኮ፣ ምን ችግር አለው» የሚለውን አትስሙ።

ማዘጋጀትና ማመስ

አኩሪ አተሩ ቀድሞ ይጀመር፣ ጊዜ የሚፈጀው እሱ ነው። ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት። በእሳት ካልተሸነፈ ሆድ ይነፋል፣ የጠጣችሁትም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ማታ በሦስት እጥፍ ውሃ ዘፍዝፉት። ጠዋት በእጃችሁ እያሻችሁ ልጡን አውልቁ። ልጡ ይንሳፈፋል፣ ከውሃው ጋር ድፉት። ከዚያ በአዲስ ውሃ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉት። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከቆላ ይልቅ እዚህ ጥራጥሬ ይዘገያል፣ አትቸኩሉ። አረፋው እንዳይገነፍል አጠገቡ ቁሙ። አኩሪ አተር ሲገነፍል ምድጃውን ጉድ ነው የሚያደርገው።

አጠንፍፉትና ንጹህ ጨርቅ ላይ አሰጡት። በበጋ አንድ ቀን ተኩል ይበቃዋል። በክረምት ፀሐይ ስለማይገኝ እኔ የማደርገው እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ በቀረው የምጣድ ሙቀት ላይ መዘርጋት ነው። እናቴ በመጀመሪያ ተቆጥታ ነበር። አሁን ራሷ «አኩሪ አተርህን አምጣ፣ ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ» ትለኛለች።

ሽምብራው ይቀላል። ታጥቦ ለብ ባለ ውሃ ለሁለት ሰዓት ይዘፈዘፍ፣ ይጠንፈፍ፣ ግማሽ ቀን ይስጣ። ገብሱ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፣ ይበጠር ብቻ።

አሁን ማመስ። ሦስቱንም አንድ ላይ አታምሱ። ገብሱ ቶሎ ይቀላል፣ ሽምብራው ገና ጥሬ እያለ ገብሱ ያርራል። እያንዳንዱን ለየብቻ፣ በመካከለኛ እሳት፣ እያማሰላችሁ። ገብሱ የበሶ ሽታ ሲያመጣና ቡናማ ሲል አውርዱት። ሽምብራው ልጡ መሰንጠቅ ሲጀምርና መንጣጣት ሲያበዛ። አኩሪ አተሩ ወርቃማ ሲሆን። በመልኩ ብቻ አትመኑ፣ ቅመሱት። ጥርስ ላይ ቀጭ ማለት አለበት፣ መሃሉ ጥሬ ጥሬ ማለት የለበትም። ከመጠን በላይ ካጠቆራችሁት ግን ምሬቱ እስከ ወሩ መጨረሻ አይለቃችሁም፤ ፕሮቲኑም ይጎዳል።

የታመሰው ሽምብራ ሲቀዘቅዝ በሙቀጫ ከካ ከካ አድርጉትና ሰፌድ ላይ አበጥሩት። ገለባው ይሄዳል። ይህን ደረጃ መዝለል ትችላላችሁ፣ ግን ዱቄቱ ሻካራ ይሆናል፣ ሆድም ያስጨንቃል።

ወፍጮ ቤት

ከዚህ የምነግራችሁን በራሴ ጉሮሮ የተማርኩት ነው። የመጀመሪያውን ዱቄቴን ይዤ ሰፈራችን ካለ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ሰልፍ አልነበረም፣ ደስ አለኝ። ፈጨልኝ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ማታ ከስፖርት በኋላ በወተት በጥብጬ አንድ ትንፋሽ ጠጣሁት። ከእኔ በፊት የተፈጨው በርበሬ ነበር። አፍንጫዬ፣ ዓይኔ፣ ጉሮሮዬ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነደደ። ጓደኞቼ ውሃ ከማቅረብ ይልቅ መሬት ላይ ወድቀው ይስቁ ነበር። አምስት ኪሎ ዱቄት ደግሞ አይጣልም፣ ሽሮ ሆኖ ተበላ።

ስለዚህ ወፍጮ ቤት ስትገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ወንድሜ፣ ከምን በኋላ ነው የምትፈጭልኝ?» ይሁን። ከጤፍ ወይም ከስንዴ በኋላ ከሆነ ጥሩ። የበርበሬ ወፍጮ ለብቻው ካለ የበለጠ ጥሩ። አምስት ኪሎ ያልኳችሁም ለዚህ ነው፤ አንድ ኪሎ ይዛችሁ ብትሄዱ ሲሶው ወፍጮው ውስጥ ይቀራል፣ ባለወፍጮውም ደስ አይለውም። ሦስት ጓደኛ ሆናችሁ አዋጡ።

ሦስቱን እህል ከመፈጨቱ በፊት አደባልቁት። አኩሪ አተር ዘይት አለው፣ ብቻውን ከገባ ወፍጮውን ያጣብቃል። ከገብስና ከሽምብራ ጋር ሲሆን ያልፋል። ኦቾሎኒና ሰሊጥ ግን በፍጹም ወደ ወፍጮ ቤት አትውሰዱ፣ ሊጥ ሆኖ ይጣበቅና ከባለወፍጮው ጋር ትጣላላችሁ። እነሱ በቤት በሙቀጫ ወይም በብሌንደር ይፈጫሉ።

«ደቃቅ አድርግልኝ» በሉት። ቤት ስትደርሱ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ በወንፊት ንፉት። ወፍጮ ዱቄትን ያግላል። ትኩስ ዱቄት ክዳን ከገጠማችሁበት ያልበዋል፣ ከዚያ ይሻግታል።

መለካት

ከልጡና ከገለባው በኋላ ከአምስት ኪሎው አራት ኪሎ ከምናምን ይተርፋችኋል። ከ100 ግራሙ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን ነው። እኔ በአንድ ጊዜ የምጠጣው 60 ግራም ነው፣ ማለትም 15 ግራም ፕሮቲን። ሦስት ሰው በቀን አንድ አንድ ጊዜ ከጠጣ ለሦስት ሳምንት ከምናምን ቀን ይሆናል።

ሚዛን የለኝም ለምትሉ፣ እኔም የለኝም። ዱቄቱን ይዛችሁ ሰፈር ሱቅ ሂዱ። ባለሱቁ በፌስታል 200 ግራም ይመዝንላችሁ። ቤት ስትመለሱ ሁልጊዜ በምትጠቀሙበት የሾርባ ማንኪያ፣ አፉን በቢላ ጀርባ እያስተካከላችሁ፣ ስንት ማንኪያ እንደሚወጣው ቁጠሩ። የእኔ 22 ማንኪያ ወጣው፣ ስለዚህ አንዱ ማንኪያ 9 ግራም ነው። ሰባት ማንኪያ ማለት 60 ግራም ከትንሽ ፈሪ ነው። አንዴ ከቆጠራችሁ በኋላ ማንኪያውን አትቀይሩ።

አጠጣጥ፣ ለጾምና ለፍስክ

በፍስክ ቀን 60 ግራሙን በአንድ ብርጭቆ ወተት፣ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ። ወተቱ 8 ግራም ይጨምራል፣ ድምሩ 23 ይሆናል። ሙዝ ወይም አንድ ማንኪያ ማር ጣል ብታደርጉበት የጂም ቤቱን ሼክ ያስንቃል። ቀረፋም ይስማማዋል፣ የአኩሪ አተሩን ሽታ ይሸፍነዋል።

ለረቡዕና ዓርብ፣ ለሁዳዴው 55 ቀን ደግሞ በወተቱ ፈንታ ኦቾሎኒ ነው። ቆልታችሁ ቆዳውን አሽታችሁ አውልቁ፣ በሙቀጫ ዘይቱ እስኪወጣ ውቀጡት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከዚህ ቅቤ 8 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ለብ ባለ ውሃ ከዱቄቱ ጋር በጥብጡት። ጓደኞቼ ሁዳዴ ሲገባ «በቃ ጡንቻችን ሊሄድ ነው» እያሉ ያለቅሱ ነበር። በእኔ ላይ እንኳን ሊሄድ ክብደት ጨመርኩ።

ሼከር (መበጥበጫው ጠርሙስ) ውስጥ ፈሳሹ ይቅደም፣ ዱቄቱ ይከተል። ዱቄቱ ከቀደመ ታች ይጋገራል። ቶሎ ጠጡት፣ እንደ በሶ ይዘቅጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ መጠን ይሁን፣ ሆድ እስኪለምድ። ጥራጥሬ ነውና አጠገባችሁ ያለውን ሰው አስቡለት።

መበጥበጥ የሰለቸው አጥሚት ያድርገው። ያው 60 ግራም፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጥበጥ፣ እሳት ላይ እያማሰሉ አሥር ደቂቃ። በክረምት ማታ ከዚህ የሚሻል የለም።

ሰዓቱ ላይ አትጨነቁ። «ካነሳህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠጣህ ሞተሃል» የሚሉ አሉ። የቀኑ ድምር ነው ዋናው።

ጥሬ እንቁላል መዋጥም ጀግንነት አይደለም። የተቀቀለ እንቁላል ፕሮቲኑ 90 በመቶ ገደማ ይዋሃዳል፣ ጥሬው ግን ግማሹ ብቻ። በዚያ ላይ የሆድ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ቀቅሉት።

ስለ አጓት

ያ ውድ ጣሳ ላይ ዌይ ተብሎ የተጻፈው ነገር የእኛው አጓት ዘመድ ነው። አይብ ሲወጣ የሚቀረው ውሃ። ይህን ሳውቅ በጣም ነበር የተደሰትኩት፤ አክስቴ አይብ ስታወጣ አጓቱን ለውሻ ትሰጠዋለች። በድስት አፍልቼ ዱቄት ላደርገው ሞከርኩ። ሦስት ሰዓት ፈላ፣ ከሰል ጨረሰ፣ ድስቱ ግርጌ ቡናማ የተቃጠለ ነገር ቀረ። አጓት ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ፕሮቲን አሥር ግራም አይሞላም። ፋብሪካ በማጣሪያ ነው የሚለየው፣ በድስት አይሆንም።

ግን አትድፉት። ትኩስ የዚያኑ ቀን አጓት ካገኛችሁ፣ አንድ ጊዜ አፍልታችሁ አቀዝቅዙና ዱቄታችሁን በውሃ ፈንታ በእሱ በጥብጡት። ኮምጠጥ ይላል፣ ከላብ በኋላ ደስ ይላል። ዋናው ሀብት ግን አይቡ ነው። ከ100 ግራም አይብ 15 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይገኛል፣ ቅባቱም ትንሽ ነው። ቅቤው ቀድሞ ስለወጣ።

ከስፖርት በፊት

እነዚያ የሚያንዘፈዝፉ ደማቅ ቀለም ያላቸው ዱቄቶች ዋናው ሥራቸው ካፌይን ነው። እኛ ደግሞ ቡና የምንለው ነገር አለን። አቦልና ቶና፣ ከማንሳታችሁ 45 ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት በፊት። መጀመሪያ በአንድ ስኒ ጀምሩ። በረካው ለጨዋታ ነው እንጂ ለስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ) አይሆንም። አንድ ጤነኛ ትልቅ ሰው በቀን ከ400 ሚሊ ግራም ካፌይን ባያልፍ ይመከራል፤ በየቤቱ «አንድ ስኒ» እየተባላችሁ ስትዞሩ የዋላችሁበትን ቀን ቁጠሩት። ደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ይህን ይተወው።

ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግን አልጠጣም። ካፌይን ግማሹ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ማታ 12 ሰዓት ላይ የምትሠሩ ከሆነ ያተረፋችሁትን ጉልበት በእንቅልፍ ታጡታላችሁ።

ለሯጮች ቀይ ሥር አለ። ሁለት መካከለኛ ቀይ ሥር በብሌንደር ተፈጭቶ በንጹህ ጨርቅ ይጨመቅ፣ ከሩጫው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት በፊት ይጠጣ። ውስጡ ያለው ናይትሬት የደም ሥርን ያሰፋል። ክብደት ለሚያነሳ ሰው ጥቅሙ ይህን ያህል አይደለም፣ ዳገት ለሚሮጥ ግን ይሞከር። ቀቅላችሁ ከሆነ የተቀቀለበትን ውሃም ጠጡት፣ ናይትሬቱ ወደዚያ ይወጣል። ሽንት ቤት ስትገቡ ደም ያያችሁ መስሏችሁ እንዳትደነግጡ፣ ቀለሙ ነው። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ግን ቀይ ሥር አያብዛ።

ለረጅም ሩጫ

ከፒያሳ ወደ ጎሃ ዳገቱን ወጥታችሁ የምትመለሱ ብቻ ከሆነ ተራ ውሃ ይበቃል። ከአንድ ሰዓት በላይ ስትሮጡ፣ ለምሳሌ አዘዞ ደርሳችሁ ስትመለሱ፣ ስኳርና ጨው ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ አምስት ልክ ልክ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። አለቀ። የሱቁ ባለቀለም መጠጥ ከዚህ ብዙም አይለይም። ጨው አታብዙ፣ ጨዋማነቱ ከእንባ እንዳይበልጥ። ጎንደር አየሩ ነፋሻ ስለሆነ ላቡ ቶሎ ይደርቃል፣ ያላላባችሁ ይመስላችኋል፤ ጥማት ሳይጠብቁ ጎንጨት ማለት ጥሩ ነው።

የበሶ ባር

ይህ ከሁሉም የምወደው ነው። 200 ግራም ቆልታችሁ የወቀጣችሁት ኦቾሎኒ፣ 150 ግራም በሶ፣ 50 ግራም የተቆላ ሰሊጥ፣ 150 ግራም ማር፣ ቆንጠር አድርጎ ጨው። ሰሊጡ የሁመራ ወይም የመተማ ከሆነ ሽታው ብቻውን ይበቃል። ስትቆሉት መዝለል ሲጀምር ወዲያው አውርዱት፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያርራል።

ማሩን በዝግታ እሳት አረፋ እስኪያወጣ አሙቁት። ሌላውን ሁሉ ጨምራችሁ በእንጨት ማንኪያ አሹት። ይጠነክራል፣ ክንድ ይፈልጋል፣ ያን ቀን ዳምቤል አያስፈልጋችሁም። ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ ገልብጡት፣ በእርጥብ እጅ ጠፍጥፉት፣ በብርጭቆ ቂጥ ጫኑት። ሲቀዘቅዝ 12 ቦታ ቁረጡ። አንዱ ከ6 ግራም በላይ ፕሮቲንና 200 ካሎሪ ገደማ አለው። የሚፈረፈር ከሆነ ማር አንሶታል ወይም በደንብ አልተጫነም። የሚጣበቅ ከሆነ በሶ ጨምሩ። በወረቀት ጠቅልላችሁ ቆርቆሮ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ሁለት ሳምንት ይቆያል። እኔ ቤት ግን ሁለት ቀን ቆይቶ አያውቅም፣ ታናሽ ወንድም አለኝ።

አቀማመጥ

ዱቄቱ አኩሪ አተር ስላለበት እንደ ተራ ሽሮ ብዙ አይቆይም፣ ዘይቱ ይበላሻል። በአንድ ወር ውስጥ ጨርሱት። የቆየ ዘይት ሽታ ካመጣ ወይም ምላስ ላይ ከቆነጠጠ ለዶሮ ስጡት። በክረምት ርጥበቱ ስለሚያስቸግር ከግማሽ በላይ አታዘጋጁ። እርጥብ ማንኪያ አታስገቡበት። ከምድጃ አርቁት።

ዕቃው ክዳኑ ጠበቅ የሚል፣ ብርሃን የማያሳልፍ፣ አፉ ሰፊ መሆን አለበት። ከሁሉም የሚሻለው ያ ጥቁር የፕሮቲን ባልዲ ነው። ጓደኛችን ሄዶ እናቱን ለመናቸው። «ሽሮዬን የት ላድርገው?» አሉት።